የጎረቤት ቢላ በማይክሮስኮፕ

ከሆሳዕና በባጃጅ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ቢላን ሳያጥቡ ሰው ጓሮ ይዞ መግባት ነውር ነው። እንሰት የሚፋቀው በደቦ ስለሆነ ሴቶቹ የየራሳቸውን ቢላ አጥበው፣ አብለጭልጨው ይመጣሉ። ያንን የታጠበ ቢላ እሳት ማስነካት ግን «ቤትሽ ቆሻሻ ነው» ብሎ ከመሳደብ አይለይም።

እኔ ደግሞ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የማጠና የላብራቶሪ ሰው ነኝ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው በዋናነት የሚሻገረውም በቢላ ነው፤ ስለቱ ላይ ያለውን የሚገድለው ደግሞ እሳት። ይህን ላሳደገችኝ አክስቴ ነግሬ ነግሬ ምላሴ ደርቋል። እኔን ያስተማረችኝ ከዚያው ጓሮ ቆጮ እየሸጠች ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አንድ ሰሞን የጎረቤቷ እንሰት እየጠወለገ መውደቅ ጀመረ። የአክስቴ ደቦ ቀርቦ ነበር፤ ጎረቤቷም ቢላዋን ይዛ መምጣቷ አይቀርም።

«ቢላዋን እሳት አስነኪላት» አልኳት አክስቴን።

«ዓይኗን እያየሁ? አራስ ሆኜ ያጠበችኝ፣ ያበላችኝ እሷ ናት። እንሰቱ ይሙት እንጂ አላደርገውም።»

ተናደድኩ። መናደድ ይቀናኛል። ያላዩትን እመኑ እያልኩ መለመን ስለታከተኝ አለቃዬን ነዝንዤ አስፈቀድኩና፣ ሕያው ባክቴሪያን በአረንጓዴ፣ የሞተውን በቀይ ብርሃን የሚያሳየውን ማይክሮስኮፕ ከነካሜራው ጭኔ ላይ ታቅፌ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሾፌሩን ተቆጣሁት፤ መንገዱን ግን እሱ አልሠራውም።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ማይክሮስኮፑን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ መዝሙር ከሚታይበት ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ቢላ ይዛችሁ ኑ ተብሎ ስለነበር ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይሳሳቁ ነበር። የማንን ልይ ብል አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። በመጨረሻ የተነሳችው የአክስቴ ጎረቤት ናት።

«የእኔን እዪው» አለች። «ከእኔ በላይ የሚያጥብ የለም።»

ከጓሮዋ ያስመጣሁትን የታመመ እንሰት በቢላዋ ቆረጠች። ከዚያ ወጥታ በውሃ አሽታ አጠበችው። ከስለቱ ናሙና ወስጄ፣ ቀለም ጨምሬ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግኩት። ቴሌቪዥኑ በሚርመሰመሱ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተሞላ።

«ይሄ ታጥቦ ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ጎረቤቷ ቢላዋን አነሳች። ሄዳ ደግማ አጠበች። አሁንም አረንጓዴ። ያኔ እሳት አምጡልኝ ያለችው ራሷ ናት። ስለቱ እስኪግል ድረስ ይዛ ቆየች፤ ሲበርድ እንደገና አየነው። ጥቂት ቀይ ነጠብጣቦች ብቻ ነበሩ፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም የማጠናውን ነገር የገዛ ሰፈሬ ሰው ሲያየው በማየቴ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ጎረቤቷ ግን አላጨበጨበችም። «ታዲያ ጓሮዬን የጨረስኩት እኔው ነኝ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ባክቴሪያው ነው የጨረሰው፤ አንቺ አታዪውም ነበር» አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

የደቦው ቀን አክስቴ እሳት አንድዳለች፤ የማንን ቢላ ምን ብላ እሳት እንደምታስነካ ግን ጨንቋት በቤቷና በጓሮዋ መካከል ትመላለሳለች። ጎረቤቷ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ሰላምታም ሳትጨርስ ቢላዋን እሳቱ ውስጥ ከተተች።

«የታመመው የእኔ ቤት ነው» አለች ሌሎቹ እንዲሰሙ። «ከእኔ ይጀመር።»

አንዲትም ሴት አልተቀየመች፤ እየተቀላለዱ ተሰለፉ። አክስቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የአክስቴ እንሰት አንዱም አልጠወለገም። የጎረቤቷ መሬት ግን በሽታው ከአፈሩ እንዲጠፋ ባዶውን ማረፍ ነበረበት፤ እስኪያርፍ ድረስ ከአክስቴ ጓሮ ቆጮ ስትበላ ቆየች። ዛሬ ጓሮዋ ውስጥ የቆመው እንሰት ሁሉ አክስቴ የሰጠቻት ችግኝ ነው።