ብረት ያለበት ቫይታሚን

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ደም አንሶኝ ነበር። ሐኪም መርምሮ የብረት ኪኒን አዘዘልኝ፤ ወሰድኩ፣ ዳንኩ። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ነው፤ በአንድ ኪኒን ስለዳንኩ ስለ ኪኒን የማውቅ መሰለኝ። ሶማሌ ተራ ባለው የአባቴ የጨርቅ ሱቅ ደከመኝ ያለ ሰው ሁሉ የእኔን ምክር ሳይሰማ አይወጣም ነበር። "ደም አንሶሽ ነው፣ ብረት ውሰጂ" እላለሁ። ምራቅ የዋጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ያምኑኝ ነበር፤ ስናገር ቅንጣት ጥርጣሬ የለብኝማ።

ባለፈው ዓመት ለዕቃ ዱባይ የሚመላለሰው የአክስቴ ልጅ ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ አመጣልኝ። ብረት ያለበትም የሌለበትም ነበር አለኝ፤ "ላንቺ ብዬ ያለበትን መረጥኩ።" እኔ ግን ለአባቴ ሰጠሁት። በዚያ ሰሞን ወደ መጋዘኑ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። ወንድሞቼ ዕድሜ ነው አሉ፣ እኔ ደም ነው አልኩ። እውነትም ደም ነበር፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

አባቴ ከሚያምኑት ነጋዴ የመጣ ጣቃ ፈትተው አያዩም። ሌላው ጨርቁን ዘርግቶ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን ወስዶ ያገላብጣል፤ እሳቸው "የእሱ ዕቃ ነው" ካሉ አለቀ፤ መፍታት ሰውየውን መስደብ ነው። ኪኒኑንም ከእጄ የወሰዱት እንደዚያ ነው። ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን "ቢስሚላህ" ብለው በውሃ ይውጡት ነበር፤ ለጉልበታቸው ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙትን ማስታገሻም አብረው፣ በባዶ ሆዳቸው። እሱንም አይቻለሁ፣ ምንም አላልኩም።

አንድ ቀን ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጃቸው የሚያወሩ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ነው የነገሩኝ።

"ሽንት ቤት ስቀመጥ... የሚወጣው ጥቁር ሆነብኝ። ልክ እንደ ሬንጅ።"

ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። "ብረቱ ነው አባባ! እኔንም እንደዚያ አድርጎኝ ነበር። እየሠራ ነው ማለት ነው፣ እንዳያቋርጡ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ቀለል አላቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

እያደር ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ ኪኒኑን አንድም ቀን ሳላጓድል እሰጣቸዋለሁ። በመጨረሻ ለደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ተከትለው እሳቸው። ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሟ "አባባ፣ ሰገራዎ ጠቁሮ ነበር?" ስትላቸው ወደ እኔ አዩ።

"አይ፣ አላየሁም" አሉ።

ጨርቅ ሲሸጡ እንኳ እንከኑን ቀድመው የሚናገሩ ሰው፣ በነፍሳቸው ተወራርደው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። እኔም ወዲያው አልተናገርኩም። ሐኪሟ ጽፋ ወደ ሌላ ጥያቄ ስታልፍ ነው "ጠቁሮ ነበር፤ ብረቱ ነው ብዬ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ" ያልኩት። ያን ዝምታዬን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ማስታገሻው ጨጓራቸውን አቁስሎት ሲደማ ነው የከረመው። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብረትም ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምም ያጠቁራል አለችኝ። ለወላድ የታዘዘ ነገር ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ ደም ካነሰው መጀመሪያ የሚፈለገው ደሙ የሚፈስበት ቦታ ነው፤ ሳይመረመር ብረት መዋጥ በሽታውን መደበቅ ነው። እስክትጨርስ ሰማኋት። ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ደም ተሰጥቷቸው ትንሽ ጠንከር ሲሉ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ፤ ጎንበስ አልኩ።

"ለወንድሞችሽ እንዳትነግሪያቸው" አሉኝ። "ይቆጡሻል።"

አልነገርኳቸውም። አባቴ ድነው ቤት ከገቡ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንድሞቼ ትከሻዬን አቅፈው "እሷ ፈጥና ሆስፒታል ባታደርሳቸው አባባ ዛሬ የሉም ነበር" ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ እንግዶቹ ጨዋነት ይመስላቸዋል።