ለእንግዳ የቀዳነው ውሃ

አይ፣ አላካበድኩም። ማታ ፖስቴ ስር «አሜሪካ ቁጭ ብለህ ስለ ቧንቧ ታለቃቅሳለህ?» ያልከኝ ልጅ፣ አንተ አናንዴል አዲስ ቤት ውስጥ ነህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ናና ጠዋት የኔን ቧንቧ ክፈት... ቅጠል ሳትጨምር ሻይ መስሎ ነው የሚወርደው።

ስለ ቧንቧ ደግሞ ለኔ አይነገርም። ሥራዬ ነው። ከመንገዱ ማዶ የነጮቹን ቤቶች የድሮ የእርሳስ ቧንቧ አውጥተን በመዳብ የቀየርነው እኛ ነን። ግማሹን በዚህች ትከሻ ነው የተሸከምኩት። ቁፋሮው እኛ ቢልዲንግ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እኛ ማለት ሐበሻ፣ ሳልቫዶርና ጥቁር አሜሪካን ነን... ገባህ?

ሦስተኛ ፎቅ እትዬ አስካለ አሉ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ። ልጅቷ ገና ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። ክሊኒክ ሲወስዷት ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፣ ሊድ የሚሉት መርዝ። ዶክተሩ ውሃውን አስመርምሩ አለ።

የቢልዲንጉን ኦፊስ እየደጋገምኩ ኮል አድርጌ መድረሻ አሳጣኋቸው። በመጨረሻ ለየቤቱ ባዶ ጠርሙስ ላኩ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለም። ያደልኩትም እኔ፣ «ጠዋት ሞልታችሁ በር ላይ አስቀምጡ» ያልኩትም እኔ። አብሮ የመጣ ወረቀት ነበር። እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው... ተውኩት።

ትናንት ጠዋት ውጤቱ መጣ። ዘጠኝ የሐበሻ ቤት፣ ዘጠኙም ንጹህ። እርሳስ የተገኘው ታች ያሉት ሚስተር ሮይ ቤት ብቻ፣ ሰባ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ። ማናጀሯ ችግሩ የሰውየው የራሱ ቧንቧ ነው፣ ቢልዲንጉ ጤነኛ ነው ብላ ኬሱን ዘጋችው።

ደሜ ፈልቶ እትዬ አስካለ ጋ ወጣሁ። እንዴት እንደሞሉት ጠየቅኳቸው። ሳይደብቁ ነገሩኝ። ጠርሙሱን በሳሙና አጠቡ፣ ቧንቧውን ጥርት እስኪል ለቀቁ፣ እሱም አላረካቸውም... ከሱቅ የገዙትን የታሸገ ውሃ ሞሉበት።

«እትዬ፣ ለምርመራ እኮ ነው።»

«ታዲያስ? ሰው ከቢሮ ድረስ ልኮብኝ ድፍርስ ውሃ ልስጠው? ምን ይለኛል ልጄ?»

ሌላውንም ቤት ዞርኩ። ሁሉም እንደዛው። አንዷማ በፊልተር ሁለቴ አሳልፋዋለች። የኔስ? እኔም ጥርት ሲል ነው የሞላሁት። እጄ በራሱ ነው ያደረገው፣ ምን ላድርግ።

ከዛ ሚስተር ሮይ ጋ ወረድኩ። ወረቀቱን አጣጥፈው ይዘውታል።

«ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን፣ የመጀመሪያውን ውሃ ቅዱ ነው የሚለው፣ እርሳሱ የሚታየው እሱ ላይ ነው። አላነበብክላቸውም?»

«አላነበብኩትም» አልኳቸው። እኔ ጥፋቴን ሳምን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሽማግሌው አልተቆጡም። እንዲያውም ወንበር ሳቡልኝ። «አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ መጥፎ ውሃ መጠጣቴ አልገረመኝም» አሉ። «የገረመኝ እናንተ ዘጠኛችሁ ንጹህ አለን ማለታችሁ ነው።»

አብረን ኦፊስ ሄድን። እሳቸው ወረቀቱን አነበቡ፣ እኔ የነጮቹን ቧንቧ በእጄ እንደቀየርኩ ነገርኳት። ማናጀሯ አንድ ዙር ድጋሚ ምርመራ ፈቀደች። አንድ ብቻ። ጠርሙሱ ዓርብ ይመጣል። ይሄም ንጹህ ከወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየንም፣ ልጅቷም ያንኑ እየጠጣች ታድጋለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ስትነሱ፣ ፊታችሁን ሳትታጠቡ፣ ሳትለቁ፣ ሳታጠሩ፣ የመጀመሪያዋን ድፍርስ ትሞላላችሁ። ማፈር የሚባል ነገር የለም። እትዬ አስካለ እንኳን «ለልጅቷ ስል አንዴ ልዋረድ» ብለዋል።

የቢልዲንጋችን ሰዎች፣ ላይክ አልፈልግም። የቤት ቁጥራችሁንና «ሳልለቅ እሞላለሁ» የሚለውን እዚህ ስር ጻፉ። ነገ አይደለም፣ አሁን። ስምንት ቤት እየጠበቅኩ ነው።