ልጄ የፈራችው ገጽ

«እማዬ፣ ሆዮ ሳፊያ የትኛው ገጽ ላይ ናት?»

ልጄ ማርታ ይህን የጠየቀችኝ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት የተሰጣትን መጽሐፍ በሻማ እያነበብኩላት ሳለ ነው። ያኔ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ለጾምም ለሰንበት ትምህርትም ደርሳለች ተብላ ከልጆቹ ጋር ገብታ፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትመጣ ከእሷ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ሴት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ በቤቴ ውስጥ ልጄ የምታነበው መንፈሳዊ መጽሐፍ መኖሩ ብቻ ያኮራኝ ነበር። ሰው ሲሞት ነፍሱ ወዴት እንደምትሄድ ለልጆች እንዲገባ አድርጎ የሚያስረዳ፣ ባለ ቀለም ሥዕል መጽሐፍ ነው። መካከሉ ላይ ሲገለጥ ሁለት ገጾች ጎን ለጎን ይመጣሉ። በአንዱ ገነት አለ፤ ወንዝ፣ ለምለም ሣር፣ ነጭ የለበሱ ልጆች። በሌላው እሳት አለ፤ በእሳቱ መካከል እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ሰዎች። ከሥራቸው «ያላመኑና ያልተጠመቁ» ይላል።

ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ሳፊያ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ በራፏ ላይ ወተት ትሸጣለች። ማርታን እንደወለድኩ ጡቴ አብጦ፣ ትኩሳቱ ራሴን አስቶኝ ሆስፒታል ስተኛ፣ ሹፌሩ ባለቤቴም ደወሌ ድንበር ጉምሩክ ላይ ወረፋ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ልጄን ወስዳ ከራሷ ልጅ ከአብዲ ጋር ያጠባቻት እሷ ናት። ተሽሎኝ ስመለስ ልጄን በአንድ እጇ፣ አብዲን በሌላው ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ አይጋቡም። አንድ ጡት ጠብተዋል፣ እህትና ወንድም ናቸው። ለልጅሽ ሌላ ባል ፈልጊላት።»

ማርታ ገና አንገቷ እንኳ አልጸናም ነበር።

እንዲህ ሆና፣ ሁለት እናት እንዳላት እያወቀች አደገች። መጽሐፉ ከመጣ ወዲህ ግን ወደ ሳፊያ ቤት መሄድ ተወች። አብዲ ሊጠራት ሲመጣ ሆዴን አመመኝ ትላለች። በበራፏ ስናልፍ ፊቷን በቀሚሴ ውስጥ ትደብቃለች። ነገሩ ከሳፊያ አላመለጠም። መብራቱ በጠፋበት በዚያው ዕለት ከሥራ ስመለስ የወተት ዕቃዋን ትታ ወደ መንገዱ ወጣችና አስቆመችኝ።

«አባዮ፣ ልጄን ምን አድርጌያት ነው?»

«ምንም። ትምህርት በዝቶባት ነው» አልኳት።

«አንደኛ ክፍል?» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተመልሳ ገባች። ጀርባዋን ሳየው መከፋቷ ታወቀኝ።

ማርታ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ጣቷን እሳቱ ላይ ሳታሳርፍ፣ ከገጹ ትንሽ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር፤ እንደሚያቃጥል ነገር።

«ሆዮ ስታቅፈኝ ይኼ ትዝ ይለኛል» አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ልጅ አፍ ሰምቼው ነበር።

ልጅ ሳለሁ የኖርነው አዲጋላ ነበር። አባቴ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ከባቡር ጣቢያው ኋላ ባሉት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ነበርን። ያኔ ቀኑ እንደ ምድጃ ያቃጥልና፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነፋሱ ከሜዳው መጥቶ ሰውን ከየቤቱ ያወጣዋል። እኛ ልጆች ሩጫችን ወደ አባባ ሽፈራው ነበር። አባባ ሽፈራው የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የቄስ ትምህርት ጀምረው ያልጨረሱ፣ ነገር ግን የሰሙትን አንድም ያልረሱ ሽማግሌ። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የግራር እንጨት ያነድዱና፣ ነበልባሉ ሞቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ፋኖሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ተረት ይጀምራሉ። የፋኖሱ ብርጭቆ በአንድ ወገኑ በጥላሸት ጠቁሮ ስለነበር ግማሾቻችን በብርሃን፣ ግማሾቻችን በጥላ እንቀመጣለን። የላምባው ሽታ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣው ድንጋይ ከሥራችን ሲሞቅ፣ ከሩቅ የፍየሎች ድምፅ፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። የባቡር ሠራተኛ ልጆችም፣ የአገሩ የሶማሌ ልጆችም አንድ ላይ ነበርን። ከእኔ ጎን ሁልጊዜ የምትቀመጠው ኢፍራህ የምትባል ልጅ ነበረች።

ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ስለ ወዲያኛው ዓለም ነው። ከሁሉም የምንወደው የጉድጓዱ ተረት ነበር። አንድ ሰው በድርቅ ዓመት ከደጁ የውሃ ጉድጓድ ነበረው፤ መንገደኛ እንዳይቀዳበት ብሎ ትልቅ ድንጋይ ጫነበት። ሲሞት ነፍሱ በረሃውን አቋርጣ፣ ምላሷ ደርቆ ከገነት ደጅ ትደርሳለች። ከደጁ ምንጭ አለ፤ ምንጩ ላይ ግን ያ ድንጋይ ተጭኗል። ሰውየው ሊያነሣው ይታገላል፣ አይችልም። ከድንጋዩ ሥር ውሃው ሲንፏፏ ይሰማዋል። አባባ ሽፈራው እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉና እንድናዳምጥ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኛም እውነት ውሃ የሰማን ያህል ትንፋሻችንን እንውጣለን። በዚያ ደረቅ አገር ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ቅጣት አልነበረም።

አንድ ምሽት ተረቱ እንዳለቀ ኢፍራህ ተናገረች።

«አባባ፣ እናቴ ከባቡር ለሚወርድ ሰው ሁሉ ውሃ ትሰጣለች። እሷ ትገባለች?»

እውነቷን ነበር። እናቷ ባቡሩ ሲቆም ጀሪካን ተሸክማ በየመስኮቱ ሥር ታልፋለች፤ ዋጋ አትጠይቅም ነበር።

አባባ ሽፈራው ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። «ያልተጠመቀ አይገባም፣ ልጄ» አሏት። በክፋት አልነበረም። ድምፃቸው እንዲያውም የራራ ነበር። የተማሩትን ነው የመለሱላት።

ኢፍራህ ተነሣች። የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፤ በጥላው በኩል ዞራ ሄደች። አንዱ ልጅ «እናቷ ጠርታት ነው» አለ፤ ማንም አልጠራትም ነበር።

በማግሥቱ አልመጣችም። በሳልስቱም እንዲሁ። በእኔና በግድግዳው መካከል የነበረው ቦታዋ ባዶውን ቀረ፤ ማንም ልጅ ተጠግቶ አልያዘውም። አባባ ሽፈራው ተረት ከመጀመራቸው በፊት ፋኖሱን ብድግ አድርገው ወደ ሶማሌዎቹ ቤቶች በኩል ያያሉ።

«ያቺ ልጅ አልመጣችም?» ይሉኛል።

«አልመጣችም፣ አባባ።»

«ትመጣ ይሆናል» ይሉና ስለ ጅብ፣ ስለ ቀበሮ ይነግሩናል። የጉድጓዱን ተረት ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማሁም። አባቴ ተዛውሮ አዲጋላን እስክንለቅ ድረስ ፋኖሱን ያነሣሉ፣ ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። የኢፍራህ ቤት ግን እዚያው ነበር፤ ጮክ ብለው ቢጠሩ የሚሰማ። ሽማግሌው ጠበቋት እንጂ አልሄዱም።

በዚያች ምሽት ሻማው እያለቀ፣ የማርታን እንባ በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግሁ ያሰብኩት ይህን ነበር። መጽሐፉ ውሸት ነው አላልኳትም። እኔ ፍርድ መኖሩን አምናለሁ፤ በዚያ ቀን እንዴት እንደምቆም እያሰብኩም እፈራለሁ። ነገር ግን እንደ አባባ ሽፈራው የተማርኩትን ብቻ ብመልስላት፣ ልጄም እንደዚያች ልጅ ተነሥታ ወደ ጨለማው የምትሄድ መሰለኝ።

«ሳፊያ መጽሐፉ ላይ የለችም» አልኳት።

«ስትሞትስ?»

«እሱን አላውቅም።»

«ቄሱ ያውቃሉ?»

«ሃይማኖታችንን ያውቃሉ። የሳፊያን ፍርድ ግን እሳቸውም አይፈርዱትም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«የፈጠራት።»

ማርታ አሰበች። «እሱ ያጠባችኝን አይቷል?»

«አይቷል» አልኳት። ይህን እንኳ ያለ ጥርጥር አውቀው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጌላት እጇን ያዝኩና የሳፊያን በር አንኳኳሁ። ከገጠር የመጣው ወተት ገና መድረሱ ነበር፤ ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንንሾቹ በማጥለያ እየገለበጠች አገኘናት። ስታየን ቀና አለች፤ ግን እንደ ወትሮው እጇን አልዘረጋችም። ምን ብዬ እንደምጀምር ሌሊቱን አሰናድቼው ነበር፤ እፊቷ ስቆም ግን እንዲያው ነገሩን እንዳለ ነገርኳት። መጽሐፉን፣ ሁለቱን ገጾች፣ የልጄን ጥያቄ። «ትምህርት አልበዛባትም፤ ስለ አንቺ ፈርታ ነው» አልኳት።

ሳፊያ ማጥለያውን አስቀመጠች። የፈራሁትም ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት ለዘለዓለም ሊለይ ይችላል። ከዚያ ማርታን አየቻት።

«አልቅሰሻል?»

ማርታ ቀሚሴን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች።

«ለእኔ?»

«አዎ።»

ሳፊያ ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ አይደል? አራት ወለድኩ፤ አንዳቸውም ለእኔ ነፍስ አላለቀሱም። ትናንት አብዲን ውሃ ቅዳልኝ ስለው እግሬን አመመኝ አለኝ።»

«ወላሂ አሞኝ ነው» አለ አብዲ ከጓሮ።

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወተቱ ያረጠበውን እጇን ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያንቺን ነገርሽኝ፤ የኔን ልንገርሽ። አብዲም አምና ከዱግሲ ሲመጣ ጠይቆኛል። ቁርአን ሲቀራ ውሎ ገብቶ፣ የማርታ እናት ስትሞት የት ነው የምትገባው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ፣ ጫማህን አውልቅ አልኩት። ከዚያ ልሰግድ ስቆም ትዝ አልሽኝ። አሁንም ስሰግድ ትዝ ትይኛለሽ፣ አባዮ።»

እሷ መጽሐፍሽ ተሳስቷል አላለችኝም፤ እኔም አላልኳትም። ሁለታችንም የምናምነውን እናምናለን። ስለ እኔ ነፍስ የሚጨነቅ ሰው በግድግዳው ወዲያ መኖሩን ግን እስከዚያ ጠዋት አላውቅም ነበር። ከልጅነቴ ተረቶች የብዙዎቹ መጨረሻ ጠፍቶብኛል፤ የኢፍራህ ባዶ ቦታ ግን አልጠፋኝም፤ አሁን ሳስበው ወደ ሳፊያ በር የመራኝ እሱ ነው።

ሳፊያ ብርጭቆ አውጥታ ለማርታ ወተት ልትቀዳላት እጇን ሰደደችና መሐል ላይ አቆመችው።

«ዛሬ ጁምዓ ነው» አለች። «አንቺ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ዓርብ ወተት የለም።» ወተቱን ወዲያ ገፋ አድርጋ ከፔርሙሱ ጥቁር ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩን ግን እንደ ልጅ አበዛችላት።

ማርታ ቀሚሴን ለቀቀች። ሄዳ ከሳፊያ ጉልበት አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይረፍድብሻል፣ ሂጂ» አለችኝ ሳፊያ። «ሁለቱንም ትምህርት ቤት እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

ልጄን እዚያው ትቼ፣ በሩን ሳልዘጋው፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።