ጆሮው ነው እንጂ

የበደለኝ መምህር ዘለቀ ነው፤ አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ የወላጆች በዓል ሊደርስ ሲል። መምህሬ ሆኖ ሳለ «አንቱ» የማልለው አውቄ ነው።

በዚያ ዘመን ሶዶ ያደገ ሁሉ የወላጆች በዓልን ያውቀዋል። ዩኒፎርም በከሰል ካውያ ይተኮሳል፤ ክፍሉ የቅባትና የአዲስ ጠመኔ ሽታ ይሸታል። እናቴ ስዘምር እንድታይ ብላ እህቷን ከሁምቦ ጠርታለች። እኔ ግን ኩፍኝ ከያዘኝ ወዲህ ጆሮዬ ደህና አይሰማም ነበር። ልምምድ ላይ ሌሎቹ ሲያቆሙ ብቻዬን ቀጠልኩ። መምህሩ ከሰልፉ ጎትቶ አወጣኝና «አንቺ ደንቆሮ፣ ውጪ!» አለኝ።

ቤታችን የምናወራው ወላይትኛ ነው። አማርኛን የለመድነው እዚያው ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ደንቆሮ ማለት ለእኛ ጭንቅላቱ የማይሠራ ማለት ብቻ ነበር። አመንኩት። ለእናቴም አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት አንዲት የውጭ አገር ነርስ ስለ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የመጨረሻ ዓመታት የተሠራ ፊልም ይዛ መጣች። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተሰቀለ። የሚተረጉምልን ጋሽ ዳና የተባለ የክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ፀጉሩ የተንጨባረረው ሽማግሌ ጉንጩን ፒያኖው ላይ ሲለጥፍ ጋሽ ዳና «ሰውዬው ደንቆሮ ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ «ደንቆሮ ከሆነ ይሄን ሁሉ ማን ጻፈለት?» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አለ ጋሽ ዳና። «የደነቆረው ጆሮው ነው እንጂ ጭንቅላቱ አይደለም። አሁን በእንጨቱ እየሰማ ነው።»

መምህር ዘለቀ ፊት ወንበር ላይ ነበር። አልሳቀም።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራኝ ልምምድ ገባሁ። ከበሮው አጠገብ ቆሜ መዳፌን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ከበሮው ሲያቆም አቆምኩ። መምህሩ አየኝ፤ አላስወጣኝም። በበዓሉ ቀን አክስቴ ከእናቴ በላይ እልል አለች።

ጋሽ ዳናን ነፍሱን ይማረው። ዛሬ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ‹መስማት የተሳናቸው› ነው የሚባለው» እያለች ታርመኛለች። ደግ ቃል ነው፤ ለእሷ ዘመን ደስ ይለኛል። እኔን ግን ከዚያ ታላቅ ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ያ ክፉ ቃል ነው።

መምህር ዘለቀ ዛሬም በሕይወት አለ። ጆሮው አይሰማም። ገበያ ሳገኘው ፊት ለፊቱ ቆሜ ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ አናግረዋለሁ። ይቅር አላልኩትም። ደንቆሮም ብዬው አላውቅም።