ቅቤና ሰማያዊ ፕላስተር

እናቴ ወጌሻ ናት። በላሊበላ ዙሪያ ትከሻው የወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሁሉ መጀመሪያ የኛን ቁልቁለት ነው የሚወርደው። ከገነተ ማርያም በበቅሎ ተጭነው የሚመጡም አሉ። እሷ አውራ ጣቷን ቅቤ ውስጥ ነክራ፣ ሰውየውን ስለ ልጆቹ ስታስወራው ቆይታ፣ ሳያስበው ቀጭ! ታደርገዋለች። ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ምርቃቱ ይከተላል፤ «እጅሽ ይባረክ!»

እኔ ደግሞ ሯጭ ነኝ፤ ያውም ጉልበቴ እሺ ሲለኝ። በየማጣሪያው ዳገቱ ላይ እየከዳኝ፣ የወረዳችን ቡድን ወደ ዞን ሲሄድ እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ። «ዘንድሮ ካላለፍኩ ጫማዬን እሰቅላለሁ» ብዬ ምዬ ነበር።

አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ፕላስተር ይዞ መጣ። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ኳስ ተጫዋቾች ጭናቸው ላይ ለጥፈውት በቴሌቪዥን የምናየው ነው። ጉልበቴን አሳጥፎ አሳየኝ። ጫፍና ጫፉ ሳይሳብ ይለጠፋል፤ መሃሉ ብቻ ለዘብ ተደርጎ ይሳባል፤ በመጨረሻ ሙጫው እንዲይዝ በመዳፍ ይታሻል። «ተአምር አይሠራም፤ ሕመሙን ቀለል ያደርግልሻል እንጂ» አለኝ። «ደግሞ አደራ፣ ቆዳሽ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።» በልምምድ ሞከርኩት። እውነትም ጉልበቴ ዳገቱን ወጥቶ ዝም አለ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ!

እናቴ ግን አኮረፈች። «እኔ እያለሁ? አገር የሚድንበት እጅ ለልጄ አንሶ ነው በወረቀት የምትጠገኚው?»

«ወረቀት አይደለም እምዬ፣ ጨርቅ ነው።»

«ኤድያ! ጨርቅማ እኔስ መች አጣሁ!»

በማጣሪያው ውድድር ዋዜማ «ጉልበትሽን ላሽልሽ» ብትለኝ፣ «ነገ ሮጬ ስመጣ» ብያት ተኛሁ። ንጋት ላይ ስነቃ ጉልበቴን ሞቅ ብሎኛል። ብርድ ልብሱን ብገልጥ ከጭኔ እስከ ባቴ በለጋ ቅቤ ርሻለሁ! እናቴ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ፈገግ ብላለች። «እንዳልቀሰቅስሽ ቀስ ብዬ ነው ያሸሁሽ» አለች፤ ኩራቷ ለጉድ ነው።

ተነስቼ በሳሙና አጠብኩት። በፎጣ ፈገፈግሁት። አሰልጣኙ ቆርጦ የሰጠኝን ፕላስተር ጫፉን ጉልበቴ ላይ ለጠፍ ባደርገው፣ ሸርተት አለ። ደግሜ አጠብኩ፤ ደግሞ ሸርተት።

«እምዬ፣ ምን አደረግሽኝ! ይሄ ካልያዘ እኮ ዘንድሮም ቀረሁ!» ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ክው አለች። ጓዳ ገብታ፣ ለማርያም ዝክር ደብቃ ያስቀመጠችውን አረቄ ይዛ ወጣች። «ቅቤን የሚጥለው እሱ ነው። ማርያም ይቅር ትለኛለች» ብላ ጉልበቴ ላይ አንቆረቆረችው። ፈተገችው፣ አናፈሰችው፣ ደግማ አፈሰሰችው። በመጨረሻ ፕላስተሩ ንክስ አድርጎ ያዘ።

መነሻው ላይ ስደርስ ሽታዬ ቀድሞኝ ደርሷል። አንዱ ዳኛ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ይቺ ልጅ በጠዋቱ ቀምሳለች እንዴ?» አለ። አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን አሸተተና «የጠጣው ጉልበቷ ነው!» አለው። ወይ ጉድ፣ ሳቁ!

ሽቅብ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወደ ከተማው ሮጥን። የመጨረሻው ዳገት ላይ፣ ሁልጊዜ የምቀርበት ቦታ፣ ጉልበቴ ጠቅ ሊያደርገኝ ጀመረና ተወኝ። ከፊቴ ያለችውን አለፍኳት። የሚያልፉት ሦስት ናቸው፤ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ! እናቴ ከገበያተኛው መሃል ወጥታ «እሰይ! እሰይ!» እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። ለሚያውቃትም ለማያውቃትም «እኔ ነኝ ያሸኋት» ትላለች። ማን ይከራከራታል!

ቤት ገብተን እንኳን ደስ አላችሁ ባዩ ጎረቤት ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። አሰልጣኙ ለዞኑ የሰጠኝን አዲስ ፕላስተር አገላብጣ አየችውና ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። «ይሄ ነገር ለአውራ ጣትም ይሆናል?»

ያ የስንቱን ትከሻ የመለሰ ጣት ሥሩ አብጧል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት ደንግጬ።

«እኔ ምኑን አውቄ! ሰው መች ፋታ ሰጠኝ።»

እጇን በሳሙና አጠብኩላት፤ የተረፈውን አረቄም አፈሰስኩበት። ፕላስተሩ ግን አልይዝ አለ፤ የዕድሜ ልክ ቅቤ በምን ይለቃል? እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እኔም ፕላስተሩን አስቀምጬ የቅቤውን ዋንጫ አመጣሁ። እጇን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሷ ስትሠራ ሳየው እንዳደግሁት፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ አሸሁላት።

«ቀስ በይ እንጂ! ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

ዓይኗን ጨፍና «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።