የዘጋሁት ዳርቻ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ሲበረታ ሜዳችን ላይ የሚተኛው ነው። ይህን የምለው አፍሬ አይደለም፤ ሳላየውም ስለ ባሕር የጻፍኩት ከክፍላችን ሁሉ ይበልጥ ስለነበር ነው።

ሰባተኛ ክፍል ነን፣ መሐል ሜዳ ከተማ። የጂኦግራፊ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንዲት ደሴት ሣሉ፤ ባሕር ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ የወለዳት። ሦስት ዳርቻ አላት፦ አንዱ ነጭ አሸዋ፣ አንዱ ጥቁር አሸዋ፣ ሦስተኛው ቀይ ገደል ሥር ያለ፣ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት። «እዚያ ብትደርሱ የትኞቹን ትጎበኛላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ። የበለጠውን ጸሐፊው ራሱ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ያነበዋል» አሉ። «ራሱ» ነው ያሉት። በክፍሉ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበርን፤ እዚያ ቆማ ያነበበች ሴት ደግሞ እስከዚያ ቀን የለችም። እኔ ላነብ ቆረጥኩ።

ወንዶቹ ነጩን መረጡ። እኔ ጥቁሩን አስቀደምኩ፤ የቤታችን ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነውና ባሕር ሲፈጨው ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። ነጩን አስከተልኩ። ቀዩን ግን ዘጋሁት፣ የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ እንደሚዘጋው። ሽማግሌዎች «ጓሳ ተዘግቷል» ካሉ፣ የሣር ጣሪያህ ቢያፈስም፣ ሣሩ እስኪያድግ ማጭድ ይዘህ አትገባም። እኔም «እንቁላሉ እስኪፈለፈል ቀዩ ዳርቻ ተዘግቷል፤ ጠባቂ ይሾምበት» ብዬ ጻፍኩ።

መምህሩ አስጠሩኝ። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ጓሳን ረግጠውት አያውቁም።

«አጻጻፍሽ ግሩም ነው። ግን በሰው ደሴት ላይ ምን ቤት ነሽና ትዘጊያለሽ? የጠየቅሁት የምትጎበኙትን ነው።»

«የማይሄዱበትን መለየትም መምረጥ ነው፣ መምህር።»

«እሱን አውጪውና ሰኞ አንቺ ታነቢያለሽ።»

አራት መስመር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ላጲሱን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ በእርሳስ የጻፍኩትን በቀለም ደገምኩት፤ ላጲስ እንዳይበላው።

ሰኞ ነጩን የመረጠ ልጅ አነበበ። እረፍት ሲደወል ግን የግቢው ካብ ላይ ወጣሁና የኔን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ውረጂ፣ አንቺ የባሕር ጭቃ ሹም!» አለ አንዱ።

«ተዘግቷል ብትዪም እኔ ብገባስ?» አለ ሌላው።

«ማጭድህን ትቀማለህ!» አልኩት፣ እንደ ጓሳ ደንብ።

«ለአሸዋ ምን ማጭድ ያስፈልጋል?»

«እንግዲያው ሱሪህን!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ወዲያው ክርክር ተነሳ፤ ቀዩ ለስንት ወር ይዘጋ፣ ማን ይጠብቀው። ጠዋት የተነበበውን ያነሳ አንድም አልነበረም።

ለካ መምህሩ ከካቡ ሥር ቆመው ይሰሙ ኖሯል። እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን ስጪኝ፣ ክፍል ውስጥ ይለጠፍ።»

«ከውስጡ አንድም ቃል የማይወጣ ከሆነ» አልኳቸው፣ ከካቡ ሳልወርድ።