የሉጥፊያ ድምፅ በሁለት ማይክ

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርዶ ካልሲ የገዛ ሰው ሁሉ የሱላፋን ድምፅ ያውቅ ነበር፤ ሱላፋን ግን ማንም አያውቃትም። በየጋሪው ላይ በሽቦ የታሰረው ድምፅ ማጉያ «ተዓል! ሹፍ! ና፣ እይ! ለልጅህ የምታወርሰው ካልሲ!» እያለ በዐረብኛ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለፈልፈው በእሷ አንደበት ነበር። ካልሲው ለልጅ ይቅርና ለመጪው ወርም አይደርስም። ይህ የነጋዴው ኀጢአት ነው። የእሷ ሥራ ጥሪው በዚያ ሁሉ የመኪና ጩኸት መሀል ጥርት ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ነበር፣ ይህን ደግሞ ታውቅበታለች።

የምትቀዳው አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ከእናቷ ጋር በተከራየችው ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃዋ ብዙ አይደለም። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክ፣ ማይኮቹን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ፣ ሁለት መሰኪያ ብቻ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ እና በጣት ከፍ ዝቅ የሚል ስምንት ስላይደር የተደረደረበት ሰሌዳ። ይህን ሰሌዳ ገዝታ ያመጣች ቀን እናቷ ሉጥፊያ ዙሪያውን እየዞረች አየችውና «ማይኩ የት ነው የሚሰካው?» አለች።

«እዚህ ላይ አይሰካም እማ። ይሄ ድምፅ የለውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ድምፅ በጣቴ ከፍ ዝቅ የማደርግበት ነው፤ በስ፣ ይኸው ነው።»

«ድምፅ የለውም፣ ግን ሌላውን ያዝዛል» አለች ሉጥፊያ። «የአሠሪዬ ባል ማለት ነዋ!»

ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት። በወጣትነቷ ካርቱም ገብታ፣ ሰው ቤት እየሠራች፣ ማግዲ የሚባል ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ሱላፋን ወለደች። ማግዲ ልጁ ትምህርት ቤት ሳለች ሞተ። ሉጥፊያ ግን ጀሪፍ ሰፈር ያለውን የሥራ ቤቷን አልተወችም፤ በየቀኑ ሁለት መኪና እየቀያየረች ትመላለሳለች። ጁምዓ ቀን፣ አሠሪዎቻቸው ሲለቋቸው፣ እንደ እሷ ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶች እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ሉጥፊያ መንዙማ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ያ ሉጥፊያ፣ ይሄን ጥረጊ፣ ያን እጠቢ» ስትባል የምትውል ሴት በዚያች ሰዓት አዛዧ ራሷ ናት።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ እንቅርት አለ። በዚያ ዓመት አበጠና መተንፈሻዋን መጫን ጀመረ። ሐኪሙ መውጣት አለበት ብሎ ቀን ቆረጠ፤ ከሦስት ጁምዓ በኋላ ያለው እሑድ። ሱላፋ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ሰምታ አንዷን ነገር ብቻ ይዛ ወጣች። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው በእንቅርቱ ሥር ነው፤ ሊነካ ይችላል። ድምፁ ሊሻክር ይችላል። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።

ሱላፋ ከያዘች አትለቅም። በመንገድ ላይ፣ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ እንዳሉ፣ ወሰነች። የእናቷ መንዙማ ከዚያ እሑድ በፊት ይቀዳል። በስልክ አይደለም፤ በወጉ፣ ጥርት ብሎ፣ ትንፋሿ እስኪሰማ። ለካልሲ ነጋዴ የሰጠችውን ለእናቷ ሳትሰጥ ብትቀር ራሷን ይቅር አትልም።

ቁም ሳጥኑን አስጠግታ፣ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ በሩን ዘግታ፣ ማራገቢያውን አጥፍታ እናቷን ማይክ ፊት አስቀመጠቻት። ሄድፎን አደረገችላት። የካርቱም ሙቀት ይታወቃል፤ ሉጥፊያ ገና አፏን ሳትከፍት ላቧ ይንቆረቆር ጀመር።

የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች። አማረ። ከዚያ ዝም አለች።

«ምነው እማ? ቀጥዪ እንጂ።»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ተቀባዮቹን ነዋ!»

ሱላፋ ሳቋን ያዘችና አስረዳች። መጀመሪያ አውጪዋ ብቻ ትቀዳለች፤ ሴቶቹ በሌላ ቀን ለብቻ ይቀዳሉ፤ ከዚያ እሷ በላፕቶፑ ታገጣጥመዋለች። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። እናቷ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች።

«ዛሬ ሰላም ያልኩት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው 'ወዐለይኩም' የሚለኝ?»

ቢሆንም ለልጇ ብላ ሞከረች። ስንኝ ታወጣለች፣ ትቆማለች፣ በሩን ታያለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሱላፋ ጊዜውን እንድትጠብቅ ብላ በሄድፎኑ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ለቀቀችላት። ይባስ ብሎ «የሰው ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ከትታ መንዙማ በይ ትለኛለች!» እያለች ሉጥፊያ ሳቅና ሳል ተቀላቀሉባት። በማግሥቱም፣ በሣልስቱም ሞከሩ። ሱላፋ አልተሸነፈችም፤ ብርድ ልብስ ጨመረች፣ ማይክ ቀየረች፣ አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ አስደገመች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ የታመመ ጉሮሮ በከንቱ ለፋ። የተቀዳው ጥርት ያለ ነበር፤ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል። ሱላፋ ግን ለብቻዋ ደጋግማ አዳመጠችው። ድምፁ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ይላላል፣ ይወድቃል፤ ሰው የሌለበትን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ይህ የእናቷ ድምፅ አልነበረም።

አንድ ጁምዓ ብቻ ቀረ።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ሀኒፋ መጣች። ሀኒፋ የሉጥፊያ የቅርብ ጓደኛዋ ናት፤ ከአንድ አገር ወጥተው በአንድ መኪና ካርቱም የገቡ። ሉጥፊያ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ሥር ሰሃን እያጠበች ለራሷ ታንጎራጉር ነበር። ሀኒፋ ገና ከውጭው በር ሆና፣ ሰላም እንኳ ሳትል፣ ተቀበለቻት። ያኔ የሉጥፊያ ድምፅ ተነሣ። ግቢውን ሞላው፣ በግንቡ አልፎ ጎረቤት ገባ። ሱላፋ ሄድፎኑን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ስትፈልገው የነበረው ድምፅ ይኸው ሰሃን ያጥባል! በራሷ ተናደደች። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ስትሰቅል፣ ድምፁን የሚያነሣውን ነገር እሷው በር ዘግታ ከውጭ አስቀርታዋለች። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ እሷ አንዱን እጅ ቁም ሳጥን ሥር አስቀምጣ ጭብጨባ ስትጠብቅ ኖራለች።

«ኻልቲ ሀኒፋ» አለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «ጁምዓ ሁላችሁም ኑ። ፋሪሃም ድቤዋን ይዛ ትምጣ።»

ብርድ ልብሱን ሁሉ አወረደች።

ጁምዓ ዕለት ሰባት ሴቶች መጡ፤ የአሠሪዎቻቸውን የምሳ ሰሃን አጥበው፣ እጃቸው ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ነው ያለው። ሱላፋ አንዱን ማይክ ለእናቷ ሰጠች፤ ሁለተኛውን ለሴቶቹ ሁሉ፣ በግማሽ ክብ አስቀምጣ፣ ድቤ የምትመታዋን ፋሪሃን ከሁሉም ራቅ አድርጋ፣ ቀጭን ድምፅ ያላትን አቅርባ። ሄድፎን ለማንም አልሰጠችም። ሉጥፊያ የሁሉንም ፊት ታያለች።

ልክ ሊጀምሩ ሲሉ መብራት ሄደ።

«ያ ረቢ!» አለች ፋሪሃ። «ለሌላ ቀን እናድርገዋ።»

«ሌላ ቀን የለም» አለች ሱላፋ። ላፕቶፑ በባትሪው አርባ ደቂቃ ይቆያል፤ ካርዱም ሰሌዳውም የሚበሉት ከእሱ ነው። ሰሌዳውን ነቀለችው። ስክሪኑን አደበዘዘች፣ ሌላውን ሁሉ ዘጋች። «ሠላሳ ደቂቃ አለን። ያላ እማ፣ ቢስሚላህ በይ።»

ሉጥፊያ አወጣች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ድቤው ገባ፣ ጭብጨባው ተከተለ። በመንገድ ረክሻ አለፈ፤ ሱላፋ ግድ አልሰጣትም። ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መብራቶች አረንጓዴ እያሉ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፣ ሌላው ሲነሣ አንዱ ያርፋል። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ግን የሉጥፊያ ድምፅ ከላይ ሳለ ተሰበረ። ጉሮሮዋን ያዘች። የሱላፋ እጅ ለማቆም ወደ ቁልፉ ሄደ። ከመድረሱ በፊት ሀኒፋ ስንኙን ከመሬት ሳይደርስ አነሣችውና ቀጠለች። ሉጥፊያ ተነፈሰች፣ ውኃ ጎረሰች፣ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ተመልሳ ተረከበች። ማንም አላቆመም። ሱላፋ እጇን መለሰች፣ እንባዋንም አልጠረገችም። ላፕቶፑ የጠፋው ፋይሉን አስቀምጣ ብዙም ሳትቆይ ነው።

እሑድ እንቅርቱ ወጣ። ሉጥፊያ በሰላም ወደ ቤቷ ገባች፣ አልሐምዱሊላህ። ድምፅዋ ግን ሻክሮ ወጣ። ሐኪሙ ታገሡ አለ፤ ሁለት ወር ታገሡ፤ ያው ሆነ። ጁምዓ ሲደርስ ሉጥፊያ ሴቶቹን «አሞኛል»፣ «እንግዳ አለብኝ» እያለች መመለስ ጀመረች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ቤቱ ጭር አለ። ሱላፋ የእናቷ ዝምታ ከሕመሟ በላይ አስፈራት።

በአንዱ ጁምዓ ከሰዓት እጇን ይዛ ወደ ኋላ ክፍል አስገባቻትና ሰሌዳው ፊት አስቀመጠቻት። ቅጂውን ለቀቀችው። ሉጥፊያ የራሷን የዱሮ ድምፅ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ዓይኗን ገለጠች።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?» አለች በሻከረው ድምፅ።

ሱላፋ ኮርታ መለሰች። «ድምፅሽ ተሰብሮ ነበር። ከሁለተኛው ዙር ላይ ቆርጬ አስገባሁበት። አይታወቅም፣ ሙሽ፣ አይደል?»

«ሀኒፋስ?»

«ኻልቲ ሀኒፋን... አወጣኋት።»

«አገሩን ሁሉ ለቅቃ አብራኝ የመጣችውን ሴት አወጣሻት» አለች ሉጥፊያ። «መልሻት።»

ሱላፋ ክርክር አላነሣችም። የቆረጠችውን መለሰች። እናቷ የትኛው ስላይደር የማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሱላፋ አሳየቻት፤ አንደኛው የእሷ፣ ሁለተኛው የሴቶቹ። ሉጥፊያ ሰሃን በማጠብ የሻከሩ ጣቶቿን ሁለተኛው ላይ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው፤ የራሷን ወደ ታች ሳበችው።

«እማ፣ ራስሽን አትቀንሺ! ያን ሁሉ የለፋሁት ላንቺ ድምፅ ነው።»

«ድምፄንማ አውቀዋለሁ። እነሱን ነው ሰምቻቸው የማላውቀው። አውጪ ሆኜ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ስንኝ ነበር የማስበው።»

ሱላፋ ከመጀመሪያው እንደገና ለቀቀችው። ድምፅ ማጉያውን ዘግታ ሄድፎኑን አደረገችላት፤ ይኼ ለማዳመጥ ብቻ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። እጇ ግን አላርፍ አለ። ማይኩን ስባ ወደ እናቷ አስጠጋች፣ በሰሌዳው ላይ ሦስተኛውን ስላይደር ከፈተች፣ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች።

ሄድፎኑ ውስጥ የዱሮዋ ሉጥፊያ አወጣች። ወንበሩ ላይ ያለችው ሉጥፊያ አፏን ከፈተችና፣ በዚያ በሻከረው፣ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀበለቻት። ያ ድምፅ ማውጣት አይችልም። መቀበል ግን ችሎ ነበር፤ ከሰባቱ ሥር እንደ መሠረት ገብቶ ተቀመጠ። ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ ሲደርስ ሉጥፊያ ከሀኒፋ ጋር አብራ ስንኙን አነሣችው፣ ለዱሮዋ ሉጥፊያ ይዛላት ቆየች፣ መልሳም አስረከበቻት። ሱላፋ ካርዱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት እያየች አለቀሰች፤ ድምፅ እንዳይገባ ግን አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

ሲያልቅ ሉጥፊያ ሄድፎኑን አወለቀች።

«ቀዳሽው?»

«ቀዳሁት።»

«እንግዲያው ለሚመጣው ጁምዓ ሴቶቹን ጥሪልኝ። ሀኒፋ ታውጣ፤ እኔ እቀበላለሁ።»